ስኮፑ አልሰከረም

ስኮፕ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ የሚገጠመው ማነጣጠሪያ መነጽር፣ ላይ ያሉትን ሁለት ማዞሪያዎች ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ከላይ ያለው ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። በቀኝ ያለው ግራና ቀኝ ይወስደዋል። ጣጣው ያለው በግራ በኩል ከተቀመጠው ከሦስተኛው ጋር ነው። ዙሪያውን 50፣ 100፣ 200፣ 300 እያለ ይሄድና መጨረሻው ላይ የተጋደመ 8 የሚመስል ምልክት አለው። «ይሄ ምን ይሠራል?» ብዬ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው። «ምስል ማጥሪያ ነዋ!»

ምስል ያጠራል፤ አልዋሹም። የተሠራው ግን ለዚያ አይደለም።

እኔ የምሠራው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ባለ አንድ የአደንና የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። ቦታዬ ከመነጽር ባንኮኒው ኋላ ነው። ስኮፕ እሸጣለሁ፣ እገጥማለሁ፣ «ተበላሸ» ተብሎ የተመለሰውን እቀበላለሁ። የአጋዘንና የኤልክ (ትልቁ የአጋዘን ዘመድ) አደን ሲቃረብ ደግሞ ቀና ማለት የለም። ድሮ አበሻ ወደኛ ሱቅ ጎራ ካለ ለልጁ የኳስ ጫማ ፈልጎ ነበር። አሁን አሁን ብርቱካናማ ሰደርያና የአደን ፈቃድ የሚጠይቀኝ በዝቷል። (ሥጋው ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቄሶቹ ትቼዋለሁ። ኦሪት ዘዳግም ዋላን ከሚበሉት ጋር ቆጥሮታል። አስተራረዱ ላይ ግን እኔ የለሁበትም።)

«ተበላሸ» ተብለው ከሚመጡት ስኮፖች ብዙዎቹ ጤነኛ ናቸው። ገሚሱ ማሰሪያው ላልቶ ነው። ገሚሱ ደግሞ ፓራላክስ ነው፤ ዓይን ቦታ ሲቀይር የማነጣጠሪያው መስቀል ዒላማው ላይ የሄደ መምሰሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው በመፍቻ ይድናል። ሁለተኛው ግን ትንሽ ወሬ ይፈልጋል፤ ስለዚህ እናውራ።

ስኮፑ ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። የፊተኛው ትልቁ ሌንስ የዒላማውን ምስል ቱቦው ውስጥ ይጥላል። ትንሽዬ ምስል ናት፣ ያውም የተገለበጠች። የምናነጣጥርበት መስቀል ደግሞ መስታወት ላይ ተቀርጾ ወይም ከቀጭን ሽቦ ተሠርቶ እዚያው ቱቦ ውስጥ በራሱ ቦታ ተተክሏል። ምስሉ ልክ መስቀሉ ላይ ካረፈ ሁለቱ እንደ አንድ ነገር ይሆናሉ። ዓይናችሁን ወዴትም ብትወስዱት መስቀሉ ከዒላማው ላይ ንቅንቅ አይልም። ምስሉ ከመስቀሉ ትንሽ ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ ካረፈ ግን መሃላቸው ክፍተት ተፈጠረ ማለት ነው። ያኔ ጭንቅላታችሁን ባነቃነቃችሁ ቁጥር አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታል። ጠመንጃው ቦታው ላይ ነው። ዒላማውም ቦታው ላይ ነው። የሄደው ዓይናችሁ ነው።

ኤሌክትሪክ የተማራችሁ ካላችሁ ይሄን ከዚህ በፊት አይታችሁታል። ቴክኒክና ሙያ ስንማር የነበሩት ባለመርፌ መለኪያዎች ከቁጥሩ ሥር ቀጭን መስታወት ነበራቸው። መምህራችን አንድ ዓይናችንን አስጨፍነው፣ መርፌው መስታወቱ ላይ ያለውን የራሱን ምስል እስኪሸፍን ድረስ ጭንቅላታችንን ያስተካክሉን ነበር። ከዚያ ነው ቁጥሩ የሚነበበው። ከጎን ያነበበ ሰው ቮልቴጁን ይስታል። መርፌውና ቁጥሩ አንድ ላይ የተጣበቁ አይደሉማ፤ መሃላቸው አየር አለ።

ስኮፕ ውስጥ ያለው ክፍተት ግን እጅግ ትንሽ ነው። የፊት ሌንሱ የትኩረት ርቀት 20 ሳንቲሜትር ነው እንበል። በጣም ሩቅ ያለ ነገር ምስሉ ልክ 20 ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል። 500 ያርድ ላይ ያለ ዒላማ ከዚያ 0.09 ሚሊሜትር አልፎ ያርፋል። 100 ያርድ ላይ ያለው 0.44 ሚሊሜትር ያልፋል። 25 ያርድ ላይ ያለው ግን 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። (ያርድ እዚህ አገር የማይቀር ጣጣ ነው፤ 91 ሳንቲሜትር ግድም ነው።) አስተውሉ፤ ከ25 እስከ 100 ያርድ ባለው ውስጥ ምስሉ ከአንድ ሚሊሜትር በላይ ተንቀሳቀሰ። ከ100 እስከ 500 ባለው ውስጥ ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳን አልሞላም። ማዞሪያው ላይ የቅርብ ቁጥሮቹ ተራርቀው የሩቆቹ የተፋፈጉት በዚህ ምክንያት ነው። የጎን ማዞሪያው ሥራም ይኸው ነው። ቱቦው ውስጥ ያለች አንዲት ሌንስ ወደፊትና ወደኋላ እየገፋ ምስሉን መስቀሉ ላይ ያሳርፋል።

ሦስተኛ ማዞሪያ የሌላቸው ስኮፖች ደግሞ አሉ። ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ፋብሪካው አንድ ርቀት መርጦ ይቆልፋቸዋል። ለትልልቆቹ ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ 100 ወይም 150 ያርድ ነው። ሃያ ሁለት ካሊበር ለሚባለው ትንሽ ጥይት ለሚተኩሰው ጠመንጃ 50 ወይም 60 ያርድ ነው። ይሄን ልዩነት ሳያውቁ የአንዱን ለሌላው የሚገጥሙ ሰዎች ናቸው የኔ ቋሚ ደንበኞች።

ከነሱ አንዱ ሻለቃ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው የቀድሞ ጦር ሰው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን የሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ በሣጥኑ ይዘው መጡ። ላዩ ላይ ያለው ስኮፕ ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአንድ የአጋዘን ጠመንጃ ላይ ተነቅሎ የተሰጣቸው ነው። 100 ያርድ ላይ የተቆለፈ። ልጁ የሚተኩሰው ደግሞ 25 ያርድ ላይ ነው።

«ይሄ መነጽር ሰክሯል» አሉኝ።

«እንዴት ሻለቃ?»

«አንዴ እዚህ ነው፣ አንዴ እዚያ። ደግሞ እጅዎ ነው እንዳትለኝ! እኔ በጃንሆይ ጊዜ ኤም-ዋን ጠመንጃ ተሸክሜ ያደግሁ ሰው ነኝ።»

«እጅዎስ ደህና ነው። ዓይንዎ የሚያርፍበት ቦታ ነው።»

«ዓይኔ ደግሞ ምን አደረገ?»

ይሄ በወሬ አይገባም። ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ተገናኘን። ጠመንጃውን ሁለት የአሸዋ ከረጢት ላይ አጋደምኩት። ቦልቱን አወጣሁ፣ ባዶነቱን እኔም አየሁ፣ እሳቸውም በጣታቸው ዳሰሱ። (ይሄን ሙከራ ጥይት ባለበት ጠመንጃ የሚሞክር ሰው ካለ ጽሑፉን እዚህ ያቁምልኝ።) ከዚያ ከረጢቱን ጨምቄ መስቀሉን ጥቁሩ ክብ መሃል ላይ አሳረፍኩና ከጠመንጃው ዞር አልኩ።

«አይንኩት። እጅዎን ወደ ኋላ ያጣምሩና ጎንበስ ብለው ብቻ ይዩ።»

ጎንበስ አሉ። «መሃል ላይ ነው» አሉ።

«አሁን ጭንቅላትዎን ብቻ፣ ቀስ ብለው፣ ወደ ላይ... ወደ ታች...»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ብለው በባዶ ዓይናቸው አፈሙዙን አዩት። ማን እንደነካው የሚፈልጉ ይመስላሉ። ተመልሰው ጎንበስ አሉ። መስቀሉ ከክቡ መሃል ተነስቶ ወደ ጥቁሩ ጠርዝ ይሄዳል፣ ተመልሶ መሃሉን ያልፍና ወደዚያኛው ጠርዝ ያዘግማል። ጠመንጃውን የነካ የለም።

«ኧረ ይሄ ነገር ይሄዳል!» አሉ።

«ጥይቱ ግን የትም አልሄደም ሻለቃ። አፈሙዙ ያየው እዚያው መሃሉን ነው። እርስዎ መስቀሉ ወደ ላይ ሄደ ብለው ጠመንጃውን ወደ ታች ቢመልሱት ነው የሚስቱት።»

ቀጥሎ የጠየቁኝ ጥያቄ ደስ አለኝ። «ታዲያ ኤም-ዋኔ ለምን እንዲህ አላደረገችኝም?» አሉ።

ኤም-ዋን ጋራንድ ከኋላ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አላት። በሷ አጮልቃችሁ ነው ከፊት ያለውን ጉብታ የምታዩት። ቀዳዳዋ ጠባብ ስለሆነች ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ ራሷ ትወስናለች። ከቦታው የወጣ ዓይን ያየው ጨለማ ነው። ስኮፕ ግን ለጋስ ነው፤ ዓይናችሁ ከመሃል ሸሽቶም ያሳያችኋል። በኦሎምፒክ የ50 ሜትር ጠመንጃ ውድድር የሚያጎላ ስኮፕ አይፈቀድም። ተወዳዳሪዎቹ በእንዲህ ዓይነት ቀዳዳ እያዩ ነው 10.4 ሚሊሜትር የምትሰፋዋን የአሥር ነጥብ ክብ የሚያጠቁት። ሻለቃ ይሄን ሲሰሙ ቁመታቸው ጨመረ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ይሄን ሒሳብ አለቃዬ ባያይልኝ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ባለ ሦስት ማዞሪያው ስኮፕ ነው ውዱ።

የፊት ሌንሱን ስፋት ለሁለት አካፍሉ። በእሱ ላይ በዒላማው ርቀትና ስኮፑ በተስተካከለበት ርቀት መካከል ያለውን ልዩነት አባዙ። ውጤቱን ስኮፑ በተስተካከለበት ርቀት አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር ፓራላክስ ሊያስታችሁ የሚችልበት ትልቁ መጠን ነው፤ ዓይናችሁ ጠርዝ ድረስ ሸሽቶ ምስሉ ሊጠፋ ሲል ማለት ነው። የሻለቃን እንሥራው። 40 ለሁለት 20 ሚሊሜትር። የርቀቱ ልዩነት 75 ያርድ። ለ100 ሲካፈል 15 ሚሊሜትር። ወደ ላይ 15፣ ወደ ታች 15። 25 ያርድ ላይ ለሚተኩስ ልጅ ይሄ ብዙ ነው። ጥንቸል የሚያድን ቢሆን ደግሞ ራሷን ብሎ ጆሮዋን ነው።

ያንኑ ስኮፕ ወደ አጋዘን ጠመንጃው መልሱትና 200 ያርድ ላይ አስቡት። ልዩነቱ 100፣ ለ100 ሲካፈል 1፤ ስህተቱ 20 ሚሊሜትር። ሁለት ሳንቲሜትር! አጋዘን ላይ ልብና ሳንባ ያሉበት ቦታ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ይሰፋል። በዚያ ላይ ያ ቁጥር የክፉው ክፉ ነው፤ ጉንጩን በሥርዓት ሰደፉ ላይ ያሳረፈ ሰው ግማሹንም አይስትም። 300 ያርድ ላይ 40 ሚሊሜትር ይሆናል። እሱም ቢሆን ንፋሱና የእጅ መንቀጥቀጥ ከሚያመጡት አጠገብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ «ለአጋዘን ነው የምፈልገው፣ ከ200 ያርድ አላልፍም» የሚለኝን ሰው ባለ ሁለት ማዞሪያውን አስገዝቼ እሸኘዋለሁ። የተረፈውን ገንዘብ ጥይት ይግዛበትና ይለማመድ። ሦስተኛው ማዞሪያ የሚያስፈልጋቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። በትልቅ ማጉላት ሩቅ የሚተኩሱና በሃያ ሁለት ካሊበር ወይም በአየር ጠመንጃ ቅርብ የሚተኩሱ። ሰው የሩቆቹን ብቻ ነው የሚያስበው። ከላይ እንዳያችሁት ግን ምስሉ ብዙ የሚንከራተተው ቅርብ ላይ ነው።

የአየር ጠመንጃ ሰዎችን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ብልሃታቸውን ልንገራችሁ። ፊልድ ታርጌት የሚባል ውድድር አለ። ዒላማው ከ10 እስከ 55 ያርድ ባለው ርቀት ውስጥ ይተከላል፤ ስንት እንደሆነ ግን አይነገርም። ተወዳዳሪዎቹ የጎን ማዞሪያው ላይ ትልቅ ጎማ ይገጥሙና ምስሉ ጥርት እስኪል ያዞራሉ። ከዚያ ጎማው ላይ የጻፉትን ቁጥር አንብበው ርቀቱን ያውቃሉ። እኛን የሚያሳስተን ነገር ለነሱ ሜትር ሆነላቸው። የሥነ ፈለክ ሰዎችም ቀድመዋቸው ነበር። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ቤሰል እ.ኤ.አ. በ1838 61 ሲግኒ የምትባለውን ኮከብ ርቀት የለካው በዚሁ በፓራላክስ ነው። ጭንቅላቱን በማነቃነቅ ፋንታ ምድር ፀሐይን ስትዞር ጠበቃት።

እሺ፣ ማስተካከሉ። ነገሩ የሚጀምረው ከጎን ማዞሪያው አይደለም። በዓይናችሁ በኩል ካለው ቀለበት ነው። ይሄን የሚዘል ሰው ቀሪው ሁሉ ይበላሽበታል።

ያ ቀለበት መስቀሉን ከእናንተ ዓይን ጋር ያስማማል። መነጽር የሚያደርግ ሰውና የማያደርግ ሰው አንድ ዓይነት ልክ የላቸውም። የጎን ማዞሪያውን መጨረሻው ምልክት ላይ አድርጉት። ስኮፑን ወደ ባዶ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩ። ፀሐይ ወዳለበት ፈጽሞ አይሆንም፣ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ቶሎ አይታችሁ ቶሎ ዓይናችሁን አንሱ። መስቀሉ ገና ስታዩት፣ በመጀመሪያው ቅጽበት፣ ደማቅ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ካልሆነ ቀለበቱን ትንሽ አዙራችሁ ራቅ ያለ ነገር ተመልከቱ፣ ከዚያ ድገሙት። አፍጥጣችሁ አትዩ። ዓይን ሲያፈጡበት የደበዘዘውን ራሱ ያጠራዋል፤ አስተካከልን ብላችሁ ትነሳላችሁ፣ ያስተካከለው ግን ዓይናችሁ ነው። ልኩን ስታገኙ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉበት። የአንድ ሰው ልክ ነው፤ ለጓደኛ አይሆንም።

እዚህ ላይ ዕድሜ ያልተጠበቀ ሥራ ይሠራል። አንድ በሃያዎቹ ያለ የኡበር ሹፌር ወዳጄ «ምስሉ እንደ ቴሌቪዥን ጠርቷል፣ መስቀሉ ግን ይሄዳል» ብሎ ጨቀጨቀኝ። ወጣት ዓይን ቶሎ ይለማመዳል፤ ምስሉ ቦታውን ቢስትም አጥርቶ ያሳያችኋል። ሻለቃ ደግሞ «ዓይኔ ደክሟል፣ ለዚህ አልሆንም» ይላሉ። ግን ከአርባ ዓመት በኋላ ዓይን ራሱን የማስተካከል አቅሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ለእሳቸው የደበዘዘው ደብዝዞ ይታያል፣ የጠራው ጠርቶ። ለዚህ ሥራ የእሳቸው ዓይን ይበልጣል። ወዳጄ ይሄን ስነግረው አልተዋጠለትም።

ቀለበቱ ካለቀ ስኮፑን ወደ ትልቁ ማጉያው ውሰዱት፤ ጉድለቱ እዚያ ነው በደንብ የሚታየው። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ ከረጢት ላይ ይቀመጥ። የጎን ማዞሪያውን ከመጨረሻው ምልክት ጀምራችሁ ወደ ቅርብ አምጡት፤ ዒላማው ጥርት ሲል አቁሙ። ካለፋችሁት እዚያው ወዲያ ወዲህ አትበሉ። ወደ መጨረሻው ተመልሳችሁ እንደገና ኑ። ውስጡ ያለው መገጣጠሚያ ትንሽ ልል ስለሚሆን፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስትመጡ ነው ልኩ የማይዛባው። ከዚያ ሻለቃን ያስደረግኳቸውን አድርጉ። ጭንቅላት ብቻ፣ ላይና ታች።

መስቀሉ ካልሄደ አበቃ። ከሄደ ወዴት እንደሄደ እዩ። ጭንቅላታችሁ ወደ ላይ ሲሄድ መስቀሉ ወደ ታች ከሄደ፣ ስኮፑ የተስተካከለው ከዒላማው ለቀረበ ርቀት ነው፤ ማዞሪያውን ወደ ሩቅ ግፉት። ጭንቅላታችሁን ተከትሎ አብሮ ከወጣ ደግሞ ከዒላማው አልፎ ተስተካክሏል፤ ወደ ቅርብ አምጡት። ይሄን አንዴ የያዘ ሰው በነሲብ አያሽከረክርም።

መስቀሉ ቆሞ ምስሉ ትንሽ ከደበዘዘስ? ለጊዜው የቆመውን መስቀል እመኑና ተኩሱ። ቤት ስትገቡ ግን ያንን የዓይን ቀለበት እንደገና ሥሩት። ቀለበቱ በልኩ ከሆነ ምስሉ የሚጠራበትና መስቀሉ የሚቆምበት ቦታ አንድ ነው። ኮሎራዶ ሜዳ ላይ በሙቀት ቀትር ግን ሌላ ነገር አለ። ከመሬት የሚነሳው ሙቀት ምስሉን እያንቀጠቀጠው የቱንም ያህል ብታዞሩ አይጠራም። ያኔም የሚታመነው የመስቀሉ መቆም ብቻ ነው።

ማዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥርስ? ፍንጭ ነው እንጂ ልክ አይደለም። 100 የሚለው ላይ አድርጋችሁት 100 ያርድ ላይ ሊሳሳት ይችላል። የእናንተ ዓይን ይለያል፣ ብርድና ሙቀቱም ይጨምርበታል። እኔ ማዞሪያው ዙሪያ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ የራሴን ምልክት በእርሳስ እጽፋለሁ። አያምርም። ይሠራል።

ሦስተኛ ማዞሪያ የሌለው ሰውም እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ጭንቅላታችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት፤ ምስሉ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ይመጣል። ያ ቀለበት በሁሉም በኩል እኩል ከወፈረ ዓይናችሁ መሃል ላይ ነው። አንድ ጎኑ ከወፈረ ሸሽቷል። ዓይን መሃል ላይ ካለ ምስሉና መስቀሉ የቱንም ያህል ቢራራቁ ስህተት የለም። ችግሩ ሰደፉ አጭር ሰው፣ ረጅም ሰው ሳይል አንድ ዓይነት መሠራቱ ነው። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ አርፎ ዓይናችሁ ከስኮፑ መሃል በታች ከሆነ፣ በየተኩሱ አንገት ማስገግ አለ ማለት ነው፤ በየተኩሱም ቦታው ይለያያል። ሰደፉ ላይ ስፖንጅ ጠቅልላችሁ በፕላስተር እሰሩ። ወይ ስኮፑን ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያ ግዙ። ከፓራላክስ ቅሬታ የሚበዛው እዚህ ያልቃል።

ሌላው የቀዳዳው ዘዴ ነው። በዓይን በኩል ያለውን ክዳን መሃሉ ላይ በትንሹ ትበሱትና ከፍናችሁ በዚያ እዩ። ዓይን መሸሻ ያጣል። ሻለቃ አዲስ ስኮፕ አልገዙም። የፕላስቲክ ክዳን በስተው አመጡና «ይኸው፣ ኤም-ዋን አደረግኳት» አሉኝ። ለወረቀት ዒላማ በቂ ነው። ለአደን ግን አይሆንም። እዚህ ኮሎራዶ አጋዘንና ኤልክ ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። በዚያ ሰዓት በቀዳዳ ያየ ሰው ጨለማ ነው የሚያየው።

የፊት ሌንሱን ቀለበት ፈትታችሁ ራሳችሁ ለማስተካከል ግን አትሞክሩ። ኢንተርኔት ላይ የሚያሳዩ አሉ፣ አውቃለሁ። ስኮፖቹ ውስጣቸው እርጥበት እንዳይገባ ናይትሮጅን ወይም አርጎን ተሞልተው የታሸጉ ናቸው። እሽጉን ከፈታችሁ በኋላ በመጀመሪያው ቀዝቃዛ ጠዋት ውስጡ ጤዛ ያዝላል። ያኔ ወደኔ ይመጣል፤ እኔም ምንም አላደርግለትም።

በመስቀል ፋንታ መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ ስለሚያሳዩት ማነጣጠሪያዎችም ይጠይቁኛል። ማስታወቂያቸው «ከፓራላክስ ነፃ» ይላል። ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነ የለም፤ ነጥቡ ወደ መስታወቱ ጠርዝ ሲሄድ ትንሽ ይንሸራተታል። ለተሠሩበት ቅርብና ፈጣን ተኩስ ግን አያሳስብም።

ያገለገለ ስኮፕ ልትገዙ ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ስንት ያርድ ላይ ነው የተቆለፈው? ካላወቀ የሞዴሉን ቁጥር ያዙና ከፋብሪካው መግለጫ ላይ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ባለ ጎን ማዞሪያ ከሆነ ከረጢት ላይ አስቀምጣችሁ ራቅ ያለ ምልክት እያያችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙሩት። ማዞሪያው በእኩል ክብደት መዞር አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ፈታ ብሎ ባዶውን ከዞረ ወይም ምስሉ ዘለል ካለ፣ ውስጥ ያለችው ሌንስ ላልታለች። ዋጋ አስቀንሱ እንኳን አልላችሁም። ተዉት።